አልነሳ ካለው ይልቅ የተነሳው፦ የተለያዩ ራሞችን ስለማቀላቀል

ለኮምፒውተር ጥገና ሠልጣኞችና ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዎች፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ።

እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ስልኬ ነው። ሳምንት አያልፍም፣ አንድ ሰው ከሱቅ ደጃፍ ቆሞ ይደውልልኛል። ሰላምታው አጭር ነው፤ ሻጩ እየጠበቀው ነዋ። «ያለኝ ባለ 4 ጊጋ ራም ነው፤ እዚህ ባለ 8 አገኘሁ፤ ግን ኩባንያው ሌላ ነው። ይስማማሉ?» ይለኛል። ከበስተጀርባው ሻጩ «ይሠራል በለው! እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ!» ሲል ይሰማኛል።

በ17 ዓመት ሥራ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ሁለት ጊዜ ተቀያይሯል። ሙያውን ስጀምር «አንድ ዓይነት ካልሆነ እንዳትገዛ» እል ነበር፤ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነበርና። ቆይቼ ደፈር ስል፣ የተገኘውን ሁሉ ሰካክቼ ሁሉም ሲነሳልኝ፣ «ምንም አይልህ፣ ግዛው» ማለት ጀመርኩ። አሁን ደግሞ «ግዛው፤ ግን ካልሆነ እንደሚመልስልህ ተማመን፤ ኮምፒውተሩንም አንድ ሌሊት እኔ ዘንድ አሳድረው» እላለሁ። ከሁለተኛው መልስ ወደ ሦስተኛው ያሻገረኝ አንድ የሒሳብ ቢሮ ነው። እደርስበታለሁ።

እስከዚያው ይህችን ያዙልኝ፤ የተለያየ ራም ተሰክቶበት አልነሳ የሚል ኮምፒውተር እኔን አያስፈራኝም። አልስማማም ብሎ ነግሮኛል፤ ነቅዬ እመልሳለሁ፣ በቃ። የሚያስፈራኝ የተነሳው ነው።

አምራቾች የሚመክሩት ግልጽ ነው፤ በአንድ ፓኬት የተሸጡ፣ ፋብሪካው አብረው የፈተሻቸው ሁለት ራሞች ግዙ ይላሉ። ትክክል ናቸው። እኛ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ከዱባይ የገባ፣ ሻጮች «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሉት፣ አንድ ቢሮ ለዓመታት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ራሙም ከሌላ ሬሳ የተነቀለ ነው፤ ጥንዱ የት እንደቀረ የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ብሷል። ቺፕ አምራቾቹ ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሲያዞሩ የአዲስ ራም ዋጋ በዓለም ገበያ ተተኮሰ። ማይክሮን እንዲያውም ለተራ ገዢ የሚሸጥበትን ክሩሻል የተባለ ስሙን እንደሚያቆም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አካባቢ አስታወቀ። ስለዚህ «አዲስ ጥንድ ግዙ» ብዬ ብሰናበታችሁ፣ እናንተም በሆዳችሁ ስቃችሁ ትወጣላችሁ።

ወደ ውስጥ እንግባ። ራም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሚሞሪ መሆኑን ለእናንተ አልተርክም። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። ዛሬም የምንጠቀምበትን የራም አሠራር የፈጠረው ሮበርት ዴናርድ የተባለ የአይቢኤም መሐንዲስ ሲሆን፣ ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ለአንድ ቢት አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር። ካፓሲተሯ ኤሌክትሪክ ከያዘች 1፣ ባዶ ከሆነች 0። ችግሩ ካፓሲተሯ የምታፈስ እንስራ መሆኗ ነው። በተለመደው የሙቀት መጠን በየ64 ሚሊ ሰከንዱ ካልተሞላች ይዘቷ ይጠፋል። ኮምፒውተራችሁ ምንም ሳትነኩት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያለ እንኳ በቢሊዮን የሚቆጠሩ እንስራዎችን በሰከንድ ከ15 ጊዜ በላይ እየዞረ ይሞላል።

ይህን የሚያዝዘው የሚሞሪ መቆጣጠሪያው ነው። ድሮ ማዘርቦርዱ ላይ ነበር፤ ሲፒዩ አምራቾቹ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኢንቴል በ2008 ወደ ሲፒዩው (ወደ ዋናው አስሊ ቺፕ) ውስጥ አስገቡት። መቼ እንደሚጠይቅ፣ ስንት ምት ጠብቆ መልሱን እንደሚቀበል፣ መቼ እንደሚሞላ የሚወስነው እሱ ነው። እና ሰው «እነዚህ ሁለት ራሞች ይስማማሉ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ጥያቄው ትንሽ ዘወር ያለ ነው። ራሞቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ሁለቱም የሚነጋገሩት ከመቆጣጠሪያው ጋር ነው፤ እሱ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚሆን ቋንቋ ያገኛል ወይ ነው ነገሩ።

ቋንቋውን የሚመርጠው መታወቂያ አይቶ ነው። ራሙን አገላብጣችሁ ስታዩት ከትልልቆቹ ቺፖች ሌላ አንዲት ደቃቃ ቺፕ አለች፤ ኤስፒዲ ትባላለች። ዲዲአር3 በተባለው የራም ትውልድ ላይ 256 ባይት ብቻ ትይዛለች፤ ሁለት አጭር የስልክ መልእክት አትሞላም። ዕድሜ ልኩን የራሙ ማንነት እዚያች ላይ ተጽፏል፦ ስንት ጊጋ ነው፣ ምን ያህል ይፈጥናል፣ ስንት ምት ይጠበቅ፣ ስንት ቮልት ይጠጣል። የማስነሻ ቁልፉን ስትጫኑ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የሁሉንም መታወቂያ ሰብስቦ ያነባል፤ ከዚያም ሁሉም «እችለዋለሁ» ያሉትን ይመርጣል። ልብ በሉ፤ መታወቂያው የሚናገረው ራሙ ብቻውን ምን እንደሚችል ነው። ከጎኑ ከማን ጋር እንደሚሰካ የተጻፈ ነገር የለበትም።

ፈጽሞ የማይቀላቀለውን ቶሎ ልለፈው። ትውልድ ከትውልድ አይቀላቀልም። ዲዲአር3 1.5 ቮልት፣ ዲዲአር4 1.2፣ ዲዲአር5 1.1 ነው የሚወስደው። ከታች ጠርዙ ላይ የተቆረጠችው ክፍተትም ቦታዋ በየትውልዱ የተለያየ ስለሆነ አይገባም። ዲዲአር4ና ዲዲአር5 ሁለቱም 288 ጥርስ ስላላቸው «አንድ ናቸው» ብሎ ሊያስገባ የታገለ ሰው አውቃለሁ፤ የተሰበረው ራሙ ሳይሆን ስሎቱ (መሰኪያ ቦታው) ነው።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው የሰርቨር ራም ነው። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 ላይ የሰርቨሩ ራም ዴስክቶፑ ስሎት ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ክፍተቱ ያው ነው። ግን አይነሳም። በመሐል ትእዛዝ የሚያቀባብል ተጨማሪ ቺፕ ስላለው ተራው ዴስክቶፕ አያናግረውም። ዋጋው ከእኩያው ሲረክስ ጠርጥሩ። ዲዲአር3 ከሆነ ስቲከሩን አንብቡ፤ ከ10600 ወይም ከ12800 ቀጥላ የተጻፈችው የላቲን ፊደል «ዩ» ከሆነች የዴስክቶፕ ነው፣ «አር» ከሆነች የሰርቨር፣ «ኤስ» ከሆነች የላፕቶፕ። አንዲት ፊደል ናት፤ መነጽር የምታደርጉ መነጽራችሁን አውጡ።

አሁን ፍጥነት። እዚህ መካከል ከገጠር የመጣ ሰው አይጠፋም። ሁለት በሬ ስትጠምዱ፣ አንዱ ፈጣን አንዱ ዘገምተኛ ቢሆን ማረሻው በማን ፍጥነት ይሄዳል? (ከአዳራሹ፦ «በዘገምተኛው!») በቃ። ባለ 1333 እና ባለ 1600 ራም አንድ ላይ ብትሰኩ ሁለቱም በ1333 ያርሳሉ። ፈጣኑ አይጎዳም፤ ያለውን አያወጣም እንጂ። ይሄ እንግዲህ ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም ያነሰው ጭንቀት ይመስለኛል።

ስለ ምቱ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ሻጮች በጣም የሚያምታቱበት ቦታ ነው። ሲኤል የሚባል ቁጥር አለ፤ መቆጣጠሪያው ከጠየቀ በኋላ ስንት ምት እንደሚጠብቅ ይነግራል። ወደ እውነተኛ ጊዜ ለመቀየር ሲኤሉን በ2000 አባዙና ለፍጥነቱ አካፍሉት። ዲዲአር3 1600፣ ሲኤል 11፤ 13.75 ናኖ ሰከንድ። ዲዲአር4 3200፣ ሲኤል 22፤ አሁንም 13.75 ናኖ ሰከንድ። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኗል፣ ትውልዱ ተቀይሯል፣ የመጀመሪያዋ መልስ እስክትመጣ ያለው ጥበቃ ግን በአንዲት ናኖ ሰከንድ እንኳ አልቀነሰም። ያደገው አንዴ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ የሚፈስሰው መጠን ነው።

ሲኤል 16 የሆነ ባለ 3200 ስታዩ ደግሞ 10 ናኖ ሰከንድ ይሆናል። ይህ ብዙ ጊዜ ጌም ለሚጫወቱ ሰዎች የሚሸጠው፣ የብረት ሽፋን የለበሰው ነው። እንዲህ የሚሮጠው መታወቂያው ላይ ኤክስኤምፒ የተባለ ተጨማሪ ገጽ ስላለው ነው፤ ገጹም 1.2 መሆን የነበረበትን ቮልት 1.35 አድርገህ ስጠኝ ይላል። ሁለት የተለያየ ኤክስኤምፒ ያላቸው ራሞች ሰክታችሁ ያንን ምርጫ ከባዮስ ብታበሩት፣ አንዱ የለመደውን ሌላው ሳይለምድ ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ስትቀላቅሉ መጀመሪያ ኤክስኤምፒን አጥፉ። በተራው ፍጥነት ፈትሹ። ከዚያ የሚያጓጓችሁ ከሆነ ከፍ አድርጉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መጠንን ማቀላቀልስ? ሰው ከገመተው በላይ ይቻላል። ዴስክቶፕ ላይ ሁለት ቻናል አለ፤ ሁለት መንገድ በሉት። ባለ 1600 ዲዲአር3 በአንድ መንገድ በሰከንድ 12.8 ጊጋ ባይት ያሳልፋል፣ በሁለቱ 25.6። አንዱ መንገድ ላይ 4 ጊጋ፣ ሌላው ላይ 8 ጊጋ ብትሰኩ፣ ኢንቴል ፍሌክስ ሚሞሪ የሚለው አሠራር አለ። ከ8ቱ ላይ 4ቱን ከ4ቱ ጋር አጣምሮ 8 ጊጋ በሁለት መንገድ ያስኬዳል፤ የተረፈው 4 ጊጋ በአንድ መንገድ ይሄዳል። ከ12ቱ ውስጥ 8ቱ ሙሉ ጥቅም ይሰጣሉ ማለት ነው። «4 እና 8 አይሆንም» የምትለዋን ነገር ከየት እንዳመጣናት እንጃ።

አራት ስሎት ካላችሁ ደግሞ ቦታው ወሳኝ ነው። ሁለት ባለ 2 እና ሁለት ባለ 4 ቢኖራችሁ፣ አንዱ መንገድ ላይ ሁለቱን ባለ 2፣ ሌላው ላይ ሁለቱን ባለ 4 አታድርጉ። በእያንዳንዱ መንገድ ላይ አንድ ባለ 2 እና አንድ ባለ 4 አድርጉ። 6 በዚህ፣ 6 በዚያ፤ ሚዛኑ እኩል ሆነ፣ 12ቱም በሁለት መንገድ ሄዱ። የትኛው ስሎት የየትኛው መንገድ እንደሆነ ማዘርቦርዱ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ብዙዎቹ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ስሎቶች ከየመንገዱ አንድ አንድ ናቸው፤ ግን ቀለምን ከማመን ጽሑፉን ማንበብ ይሻላል።

አራት ስሎት ኖሮ ሁለት ራም ብቻ ስትሰኩ፣ በብዙዎቹ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ከሲፒዩው ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰካው። ምክንያቱ ያምራል። መስመሩ በመጀመሪያው ስሎት አልፎ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። መጀመሪያው ላይ ብቻ ከሰካችሁ፣ ከኋላው ባዶ መስመር ይተርፋል፤ ምልክቱ እዚያ ጫፍ ድረስ ሄዶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። መቆጣጠሪያው የራሱን ድምፅ ሁለቴ ይሰማል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ሲሆን አያስቸግርም፤ ከፍ ሲል ግን ያደናብራል።

ሁለት መንገድ መሆኑ የሚታወቀው ማን ላይ ነው? የተለየ ግራፊክ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ፤ ስክሪኑም ከዚያው ራም ስለሚበላ። ደብዳቤ ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለሚያይ ሰው ብዙም አይታይም። ራም ማነስ ግን ማንም ላይ ይታያል፤ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ሲጀምር ኮምፒውተሩ ምጥ እንደያዛት ይሆናል። ስለዚህ የእኔ ፍርድ፦ በመጀመሪያ መጠን፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ፍጥነት በመጨረሻ። በነገራችን ላይ፣ 12 ጊጋ ሞልታችሁ ዊንዶውስ የሚጠቀመው 3 ጊጋ እና ትራፊ ብቻ ነው ካለ ራሙን አትማረሩ፤ የተጫነው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ነው።

አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ቺፕ መቁጠር ልመዱ። ጂ41 የተባለው ቺፕሴት ያለበት ማዘርቦርድ ከዲዲአር3 ጋር፣ ወይም የኢንቴል የመጀመሪያው ትውልድ ኮር ሲፒዩ ቢገጥማችሁ፣ ባለ 4 ጊጋ ራም ሁሉ አይቀበሉም። 4 ጊጋ ባይት 32 ጊጋ ቢት ነው። ራሙ 16 ቺፕ ካለው እያንዳንዱ 2 ጊጋ ቢት ይይዛል፤ ይህን ያነባሉ። 8 ቺፕ ብቻ ካለው እያንዳንዱ 4 ጊጋ ቢት ነው፤ ይህን አያነቡም። ፊትና ጀርባ የሞላው አሮጌው ራም ሲሠራ፣ በአንድ ገጽ ብቻ የተደረደረው አዲሱ ራም የማይሠራው ለዚህ ነው። «ለኤኤምዲ ብቻ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ራምም አለ። ቺፖቹ የተደረደሩበትን አኳኋን የኢንቴል ዴስክቶፖች አያነቡትም። የሚያሳዝነው፣ ስቲከሩ ከተላጠ በኋላ ማንም አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ሒሳብ ቢሮው።

ባለቤቱን ጋሼ እላቸው ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሒሳብ የሠሩ፣ ካልኩሌተር ሳይነኩ የሚደምሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተራቸው አራት ስሎት፣ ሁለት ባለ 2 ጊጋ ራም ነበረው። ከሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ሁለት ባለ 4 ጨመርኩበት። ሁሉም ዲዲአር3፣ ሁሉም 1600። ሚዛኑን ጠብቄ ደረደርኩ። አንዴ ተጫንኩት፣ ተነሳ። 12 ጊጋ። «ዕድሜ ይስጥህ» ብለው ሻይ አዘዙልኝ።

ከወር በኋላ ደወሉ። አንድ ፋይል አልከፈት አለ። «ቫይረስ ነው» አልኩ። ፈተሽኩ፣ የለም። ሆኖም ፎርማት አደረግኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ፋይል። «ሃርድ ዲስኩ ነው» አልኩ፤ አስቀየርኳቸው። ብራቸውን አስወጣሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ፋይሎቹን ላወጣ ብዬ አንድ ፎልደር ዚፕ አደረግኩ። ዚፑ ሲከፈት «ተበላሽቷል» አለ። ያንኑ ፎልደር ደግሜ ዚፕ አደረግኩ፣ ደህና ሆነ። በሦስተኛው እንደገና ተበላሸ፤ ያውም በሌላ ቦታ። እዚያ ላይ ቀዝቃዛ ላብ አላበኝ። ፎልደሩ አንድ ነው፣ ዲስኩ አንድ ነው፣ መልሱ ግን በየጊዜው ይለያያል። በየጊዜው የሚለያየው ፋይሉ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ራሙ።

ሜምቴስት86 ፕላስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ፍላሽ ላይ ተጭኖ ያለ ዊንዶውስ ይነሳል፣ እያንዳንዱ ቢት ላይ ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ያስተያያል። አሳደርኩት። ጠዋት ስመጣ ስክሪኑ ቀይ መስመር ለብሷል። «አንዱ ራም ሞቷል» ብዬ አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። አራቱም ንጹህ! ሁለት ሁለት አድርጌ ፈተሽኩ፤ ንጹህ። አራቱን አንድ ላይ ስሰካ ብቻ ይሳሳታል። አራት ጤነኛ ሰዎች፣ አብረው ሲቀመጡ የሚጣሉ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። መታወቂያው ላይ እያንዳንዱ «1600 እችላለሁ» ብሏል፣ አልዋሸም። አራት ሲሆኑ ግን መቆጣጠሪያው ላይ ሸክሙ ይጨምራል፣ ምልክቱ ይደክማል፤ የተለያየ አሠራር ያላቸው ቺፖች ደግሞ አንዱ ቀደም፣ ሌላው ዘግየት ይላል። ባዮሱ የመረጠው ምት ለእያንዳንዳቸው ይበቃል፤ ለአራቱ በአንድነት ግን በጠባብ ይስታል። ሁልጊዜ አይደለም፤ አልፎ አልፎ።

መፍትሔው ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ነበር። የቢሮ ኮምፒውተሮች ባዮስ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ለመንካት አይፈቅድም፤ የዚያም እንደዚያው ነበር። መሳቢያዬን ስበረብር ባለ 1333 የሆነ ባለ 2 ጊጋ ራም አገኘሁ። ከሁለቱ ባለ 2ዎች አንዱን ነቅዬ እሱን ሰካሁት። ባዮሱ መታወቂያዎቹን ሰበሰበ፤ ዘገምተኛውን በሬ አየ፤ አራቱንም በ1333 አስኬዳቸው። ሁለት ሌሊት ፈተሽኩት። አንዲት ስህተት አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ መሳቢያዬ ውስጥ ባለ 1333 ራም አይጠፋም፤ ሰው «ለምን አትጥለውም?» ይለኛል።

ፋይሎቹ ግን አልዳኑም። በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ የሚገለበጠው ኮፒም የሚያልፈው በዚያው ራም ነው፤ ጥፋቱ አብሮ ተገልብጧል። ጋሼ የሁለት ወር ደረሰኝ ከወረቀት እንደገና አስመዘገቡ። አልተቆጡኝም። «ልጄ» አሉኝ፣ «ያን ቀን ባይነሳ ኖሮ ይሻል ነበር እኮ።»

አንዲት ቢት ምን ታመጣለች የሚል ካለ፣ ፊደላችንን ልጥቀስለት። በዩኒኮድ «ሀ» ቁጥሯ 4608 ነው፣ «ሁ» 4609፣ «ለ» 4616። ከ«ሀ» ወደ «ሁ» አንዲት ቢት ናት። ከ«ሀ» ወደ «ለ»ም አንዲት ቢት ናት። «ሀሳብ» ብላችሁ የጻፋችሁት «ለሳብ» ሆኖ ይገኛል፤ ያኔ ጸሐፊዋን ትቆጣላችሁ። በሙሉ ቁጥር የተቀመጠ 1,000 ብር ደግሞ አንዲት ቢት ብትገለበጥበት 5,096 ብር ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ አይጮህም። ሰርቨሮች ይህን የሚያርም ተጨማሪ ቢት አላቸው፤ ተራ ዴስክቶፕ የለውም። ጎግል ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የራሱን ሰርቨሮች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ጽሑፍ፣ በዓመት ከ100 ራሞች ከ8 በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ስህተት እንደሚያሳዩ ይናገራል። እነሱ ቆጠሩት፤ ማረሚያ ስላላቸው። እኛ ጋ የሚቆጥር የለም።

ስለዚህ ስትቀላቅሉ፣ ኮምፒውተሩ ተነሳ ብላችሁ ክዳኑን አትዝጉ። አሳድሩት። ከመቶ አንድ ስህተት ይፈቀዳል የሚባል ነገር የለም፤ አንዲት ቀይ መስመር ከወጣች ወድቋል። ከመክሰሳችሁ በፊት ግን ራሙ በትክክል መግባቱን እዩ። «አይስማማም» ተብሎ የሚመለስልኝ ራም አብዛኛው በግማሽ የተሰካ ወይም ጥርሱ የቆሸሸ ነው። ገመዱን ነቅላችሁ፣ የኬሱን ብረት ነክታችሁ፣ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ግፉት። ላጲስ ሁላችንም እንጠቀማለን፤ በቀስታ ከሆነ ይሠራል፤ ግን የወርቁ ቅብ ስስ ነው፣ ስትፈገፍጉት ትጨርሱታላችሁ። ንጹህ አልኮል ይሻላል። አልኮል ስል አረቄ ማለቴ አይደለም። (ሳቅ)

ዲዲአር5 ለገዛችሁ ጥቂቶች አንድ ቃል። እዚያ ላይ ነገሩ እንዲያውም ጠንክሯል። ኤኤምዲ ራይዘን 7000 ለተባሉት ሲፒዩዎቹ የሰጠው ይፋዊ የፍጥነት ቁጥር ሁለት ራም ከሆነ 5200፣ አራት ከሆነ 3600 ነው፤ አራቱም አንድ ዓይነት ሆነው እንኳ። ሁለት ራም ካላችሁና ማሳደግ ካሰባችሁ፣ ሁለቱን ሸጣችሁ ሁለት ትልልቅ ግዙ። አዲስ ራም ሰክታችሁ ስታስነሱት ደግሞ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ መቆጣጠሪያው ምቱን እየለካ ነው። ደንግጣችሁ ገመድ አትንቀሉ።

ጥያቄ ካለ።

አንዲት የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «አንድ ካርቶን ሙሉ የተቀላቀለ ራም አለኝ። ለሁለት ኮምፒውተር ሁለት ባለ 4 እና ሁለት ባለ 8 ቢደርሰኝ፣ እኩዮቹን ላጣምር ወይስ ለየአንዳንዱ 4 እና 8 ላድርግ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። ብታጣምሪያቸው አንዱ 8 አንዱ 16 ይሆናል፤ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ በሁለት መንገድ ይሄዳሉ። ብታቀላቅያቸው ሁለቱም 12። እኔ ብሆን ለተማሪ 12 እና 12 አደርጋለሁ። ባለ 8 ላይ የተቀመጠው ልጅ ሲጎተትበት፣ ጎረቤቱ 16 እንዳለው ያውቃል፤ ነገ ወንበር ላይ ይጣላሉ። ግን ካርቶኑ አጠገብ ስክሪብቶ ይኑርሽ፤ የትኛው ራም ከየትኛው ጋር ሌሊቱን እንዳደረና እንዳለፈ በፕላስተር ጽፈሽ ለጥፊበት። ሲነቀሉ ያ ፈተና አብሮ ይነቀላል፤ ከሌላ ጋር ስትሰኪው እንደገና ነው።

ሌላው፦ «ላፕቶፕስ?»

ሕጉ ያው ነው። ብዙዎቹ ላይ አንዱ ራም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ፣ የምትመርጠው አንዱን ብቻ ነው። የተበየደውን መጠንና ፍጥነት ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም አይተህ ለእሱ የሚቀርበውን ፈልግ።

ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት ሳይጠይቅ ተነስቶ መጣ። ከጃኬቱ ኪስ በጨርቅ የጠቀለለውን ራም አወጣ። «ጋሼ፣ ይሄን ዛሬ ጠዋት ነው የገዛሁት። 8 ጊጋ ነው። በጣም በርካሽ ነው የሰጠኝ።»

ተቀብዬ ወደ መብራቱ አዞርኩት። ከ12800 ቀጥሎ «አር» ይላል።

«ሱቁ ቅዳሜ እስከ ስንት ሰዓት ነው ክፍት የሚሆነው?» አልኩት።